የእነ ቱሳ አረማመድ

ሳጉሬ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሩዋይዳ ቃበቶ
ጎበሳ

አሰላሙ ዓለይኩም ሩዋይዳዬ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ከናፍቆትሽና ከሁለቱ እግሮቼ በስተቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው። ገብሱን አጭዶ ከምሯል፣ ያለወቅቱ የመጣውን ዝናብ ይራገማል፣ በገበያ ቀን የሰው ፈረስ እያስቆመ ጥርስ ያያል።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሽኛል። ልጄ፣ ስልክ ላይ ምላሴም እንደ እግሬ ሆኗል። ባለፈው ስደውልልሽ «ሃሎ! ሃሎ! ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ኔትወርኩ ደህና ነበር፤ የተቆራረጥኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ በወንድሜ ልጅ ጆሮ ኔትወርክ ሆኜ ከምቀር ልጻፍ አልኩ። እጄም ይንቀጠቀጣል፣ ወረቀት ግን «ሃሎ» አይልም። የአንደኛ ክፍል ልጆች የሚማሩበትን ባለ ሁለት መስመር ደብተር ገዝቻለሁ። ከመስመር የወጣ ፊደል ካየሽ እንዳላየሽ እለፊው። የሳጉሬው ሚኒባስ ሹፌር አሰላ መናኸሪያ ያደርስልኛል፣ ከዚያ የጎበሳው መኪና ይረከባል።

«ምርመራውን ለማድረግ ቆርጫለሁ፣ አዳዳ ግን ይፍቀዱልኝ» ብለሻል። የአክስት ፈቃድ ምን ይሠራልሻል? ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው፣ መምህርት ነሽ፣ ደሙም ያንቺ ነው። ዶክተሯ ምን እንዳለች ሙሉውን ንገሪኝ ስላልሽ ግን ይኸው።

ዶክተር ትንሳኤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ አሰላ የመጣች ልጅ እግር ሐኪም ናት። በክረምቱ ደሜን ለጥናት ወስዳ ውጭ አገር ድረስ ላከችው። እኔ ከአዳማ አልፌ አላውቅም፣ ደሜ ባሕር ተሻገረ! ይኸው ጥቅምት ላይ መልሱ መጣ። በሽታው ስም አለው፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ አልጽፈውም፣ በዚህ እጄ ከጀመርኩት ፋሲካ ይደርሳል። ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ቀስ በቀስ ይደክማል ነው ነገሩ። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ እጅ፣ ቀጥሎ ምላስ። ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስም ያለመውረስም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አንቺ በባዮሎጂ ክፍልሽ በአተር የምታስተምሪው ነገር ነው። ጠጅ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው አያትሽ ቱሳ ዕድሜ ልኩን «ሰካራሙ» እየተባለ የኖረው በዚህ ነው።

የቤተሰቡን ዛፍ ሥሪልኝ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ። ከአባትሽ ጋር ተቀምጠን ሠራነው። ቃበቶ፣ ቱሳ፣ ገልገሉ፣ ቡታ እያልን አሥራ አንድ ትውልድ ወጣን። አንገቴን ቀና አድርጌ ይዤላት ገባሁ። አየችው፣ ገለበጠችው፣ «መምህርት ከዲጃ፣ እዚህ ቤት ሴት ገብታ አታውቅም እንዴ? እነዚህ አራት ማዕዘኖች እርስ በርስ ነው የተዋለዱት?» አለችኝ። አፈርኩ። የገዛ ሴት ቅድመ አያቴን ስም አላውቀውም፤ ራሴንም እኮ አልጻፍኩትም ነበር።

በወረቀቱ ላይ የታመመ ሰው ምልክቱ ይጠቁራል። አያትሽን አጠቆረችው። ታላቅ ወንድማችንን ገመቹን፣ ሳያገባ ሳይወልድ የሄደውን፣ አጠቆረችው። እኔን አጠቆረችኝ፤ ቆንጆ ክብ ወጣኝ። አባትሽ ላይ ስትደርስ እርሳሱን አነሳች። «እሱም እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደኛ ነው የሚራመደው» አልኳት። «ሳላየው አላጠቁርም» አለች። ደግሞም መጀመሪያ መታየት ያለበት የሱ ደም ነው፤ እሱ ዘንድ ከሌለ አንቺ ዘንድ ሊኖር አይችልም፣ መርፌም አያስፈልግሽም።

ይህን ለአባትሽ ነገርኩት። «አልሄድም» አለ። ለምን? ገብስ አለብኝ። ገብሱ ሲያልቅስ? ስንዴ አለብኝ። ስንዴው ሲያልቅስ? ተነስቶ ወጣ።

አዳዳሽ ከዲጃ ቱሳ


ጎበሳ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አዳዳዬ፣

ወዓለይኩሙሰላም። ስለ ስልኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ደብዳቤዎን አንብቤ ከሳቅኩ በኋላ አለቀስኩ። ፊደልዎ አሁንም ከርዕሰ መምህራችን ፊደል ይሻላል። አላጋነንኩም፣ ለሠራተኛ ክፍሉ ሁሉ አሳይቻለሁ።

ምርመራውን ለምን እንደቆረጥኩበት ልንገርዎ፣ ለአባዬ ግን ገና አይንገሩብኝ፤ ቦንሳ የሚባል ሰው አለ። ወረዳው ግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ቤተሰቦቹ እዚያው ሳጉሬ ናቸው። ጥሩ ሰው ነው፤ ጥፋቱ ስለ ማዳበሪያ ሲያወራ ማቆም አለማወቁ ብቻ ነው። ሽማግሌ ልላክ ሲል «ቆይ» አልኩት። ለምን ሲለኝ አባዬ ያለበትን፣ እርስዎ ያለብዎትን፣ በኔም ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ነገርኩት። «እና?» አለኝ። አዳዳ፣ «እና?» ብቻ! እሱ እንዲህ ሲል ደግሞ እኔ ባሰብኝ። እሱ ቢቀበለኝም የምወልደው ልጅ ሳይጠየቅ ነው የሚወርሰው። ውጤቴን ሳላውቅ አላገባም ብዬዋለሁ።

ስለ ራሴ ደህና ነኝ ልልዎት እችል ነበር። እውነቱን ልንገርዎ። ጠመኔ ይወድቅብኛል፤ ሳምንቱን ሙሉ ቆጥሬ አሥራ አራት ጊዜ። ምሳ ሰዓት ላይ መምህራኑ ሲወጡ የሠራተኛ ክፍሉን ሲሚንቶ መስመር ይዤ፣ ሚዛኔን ልፈትን ብዬ፣ ተረከዝና ጣት እያገጣጠምኩ እራመዳለሁ። አንድ ቀን የስፖርት መምህሩ ደርሶብኝ «ዳንስ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። አሥረኛ ክፍል የዘር ውርስ ሳስተምር ደግሞ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አተሩ ራሱ ምን እንደወረሰ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀባት። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ያልተጻፈ ነገር ሳጠፋ ቆየሁ።

አባዬን ግን አያስገድዱብኝ። ይህን ያህል ዓመት የታመመ ሰው ስሙን መስማት ቢፈራ አልፈርድበትም። ይህን ደብዳቤም እንዳያነቡለት። በጥር ዕረፍት አሰላ ወርጄ የራሴን ደም እሰጣለሁ።

ልጅዎ ሩዋይዳ


ሳጉሬ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩዋይዳዬ፣

ሰላምታውን አብዝቼ ልጀምር፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ይቅርታ አለ። አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ቤቱ፣ ላሟ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው።

ደብዳቤሽን አነበብኩለት። አትጮሂ። የቦንሳን ነገር ዘለልኩ፣ ሌላውን ግን አንድ ሳላስቀር አነበብኩለት። የጠመኔው ጋ ስደርስ መቁጠሪያውን አስቀመጠ። ሲሚንቶው መስመር ላይ መራመድሽ ጋ ስደርስ ተነስቶ በረት ገባ። እዚያ ቆየ፣ ቆየ። ሲመለስ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ርዕሰ መምህር ፊት እንደተጠራ ልጅ «ከዲጃ፣ እኔ አልታመምኩም» አለኝ።

ያለውን እንዳለ ልጻፍልሽ። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ከአንድ ሰርግ ሲመለስ፣ ጉግስ ሲጫወቱ ውለው፣ ፈረሱ ሽቅብ ይነሳና ይጥለዋል። ዳሌው ይሰበራል። ሲወድቅ ማንም አላየውም። ሰው አንስቶ ወጌሻ ቤት ያስገባዋል፣ እዚያ ሦስት ሳምንት ተኝቶ እያነከሰ መጣ። ለኛ «ነገድኩ» ብሎን ነበር። እንዳጋጣሚ ያንን ሰሞን ገመቹ መንገዳገድ ጀምሮ ነበርና አገሩ ሁሉ «ያው፣ ይኼንንም ጀመረው» አለ። እሱም ዝም አለ። ዝም እንዳለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ። ለእናትሽ እንኳ፣ አላህ ይዘንላትና፣ አልነገራትም።

«ለምን?» አልኩት። አየኝ፣ ጥያቄው ገርሞት። «ከፈረስ ወድቄ ምን ብዬ ልናገር? የቱሳ ልጅ!» አለ። ገባሽ? አባታችን ተንገዳግዶ መሬት ላይ መቆም ባቃተው ጊዜ እንኳ ኮርቻ ላይ ሲያወጡት ቀጥ ይል ነበር። ለአርሲ ወንድ በሽታ ከላይ የመጣ ነው፣ አያሳፍርም። ከፈረስ መውደቅ ግን የራስ ሥራ ነው። ስለዚህ ወንድሜ አስቦበት በሽታውን መረጠ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ስላንቺ። ደስስ ብሎኛል። ግን ለሦስት ቀን አላናገርኩትም፤ ምሳውን በር ላይ አስቀምጬለት እገባ ነበር። ለምን እንደሆነ ላንቺ ልንገርሽ። እኔን ከያዘኝ አሥራ አራት ዓመት ነው። ገበያ ስንወርድ እሱ በኔ፣ እኔ በሱ ተደግፈን ነው። ሰው ሲስቅብን እሱ «ሁለት ሰካራም አሳልፉ!» ብሎ ቀድሞ ያስቃቸዋል። ሁለት ነን ብዬ ነበር የምኖረው። ይኼን ሁሉ ዘመን ብቻዬን ኖሬያለሁ ለካ። ይህ አናደደኝ፣ አስለቀሰኝም።

አሁን ታርቀናል። ጠመኔውን በተመለከተ፣ እኔ ሙሉ ጤነኛ ሳለሁ በቀን ሦስት እሰብር ነበር። መቁጠሩን ተይና አስተምሪ።

አዳዳሽ ከዲጃ


ጎበሳ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዳዳዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ አልተቆጣሁም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ደብዳቤዬን እንደሚያነቡለት ማወቅ ነበረብኝ፤ በልጅነቴ ሰርተፊኬቴንም ይደብቁልኝ ብዬ ስሰጥዎት እንዲሁ አድርገዋል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ አላመንኩትም።

አባዬን እኔም አውቀዋለሁ። አባዬ ሲዋሽ ፈረስ ያስገባበታል። ሬዲዮው ሲሰበር ፈረስ ረገጠው ተባለ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ቀን ሳይመጣልኝ ሲቀር ፈረሱ ጠፍቶ ሲፈልግ ዋለ ተባለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፈረስ አልነበረንም። አሁንም ሰርግ አለበት፣ ጉግስ አለበት፣ ሽቅብ የሚነሳ ፈረስ አለበት። በጣም ያምራል እኮ አዳዳ! የተሰበረ ሰው ታሪክ እንዲህ አያምርም። ልጁ በሲሚንቶ መስመር ላይ እንደምትራመድ ሰማ፣ በረት ገባ፣ አንድ ታሪክ ሠርቶ ወጣ። እኔን ለማዳን ክብሩን ሸጠ ማለት ነው። ይህን ሳስብ እወደዋለሁ፣ ተኝቼም አላድርም።

በዚህ ታሪክ ላይ ግን ትዳር አልመሠርትም። ልጄ ሃያ ዓመት ሞልቶት መንገዳገድ ቢጀምር «አያትህ ከፈረስ ወድቄያለሁ ብሎኝ ነበር» ልለው ነው?

ታዲያ ምን ይደረግ ይሉኝ ይሆናል። እውነት ከሆነ በኩሽና ለእህቱ ሳይሆን ሰው ፊት ይናገረው። ከዚያ ሐኪሟ ፊት ይቅረብ። እምቢ ካለ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው።

ብቻዬን ኖሬያለሁ ያሉትን ቦታ አራት ጊዜ አነበብኩት። ምንም ባልልም እዚያ አጠገብዎ ተቀምጬ እንደሆነ አድርገው ይቁጠሩልኝ።

ሩዋይዳ


ሳጉሬ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩዋይዳዬ፣ የኔ ልጅ፣

ይህን ስጽፍ እጄ የሚንቀጠቀጠው ግማሹ በሽታ፣ ግማሹ ሳቅ ነው። እንዳትነሺ፣ ተቀምጠሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ያላሰብሽውን ልንገርሽ። ያንቺ ቦንሳ «ቆይ» ብትይውም ቤተሰቡ አልቆየም። እሑድ ጠዋት አምስት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆሙ፣ ፊታውራሪያቸው ሐጂ ኢደኦ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከዲገሉ እስከ በቆጂ በሕይወት ያለውንም የሞተውንም ፈረስ በስም የሚያውቁ ሰው ናቸው። አባትሽ ስለ ቦንሳ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ወደ ጓዳ መጥቶ አፈጠጠብኝ። እኔም ያንቺን የመጨረሻ ደብዳቤ እጁ ላይ አስቀመጥኩለትና «ሰው ፊት ብላለች። ይኸው ሰው» አልኩት። ቆሞ ፊደል እየቆጠረ አነበበው። «ልጅህ እኮ አታምንህም» አልኩት። ይህ ቃል ሲያርፍበት አየሁ። ከዳሌው ስብራት ይልቅ ያመመው ይመስለኛል።

ተመለሰ፣ ተቀመጠ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። ሐጂ መርቀው የመጡበትን ተናገሩ። አባትሽም «ከመልሴ በፊት የምናገረው አለኝ» አለ። «በዚህ ቤት ያለውን በሽታ ታውቃላችሁ። አባቴ ነበረበት፣ ወንድሜ ነበረበት፣ እህቴ አለባት። እኔ የለብኝም። ያነከስኩት ከፈረስ ወድቄ ነው።»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያ ቃበቶ ልጄ፣ እኛ የመጣነው ለልጅቷ እንጂ ለእግርህ አይደለም» አሉት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ፈረስ የሚል ቃል ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። «መቼ ነው የወደቅከው?»

«ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት።»

«የማን ፈረስ?»

«የሰው ነው። ቀለሙ ዳማ ነበር።»

«የማን ዳማ?» አሉ ሐጂ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብለው። «በሰማንያ ስድስት በዚህ አገር ጉግስ የሚወጣ ዳማ ሦስት ነበር። ሁለቱ የኔ ናቸው። ሦስተኛው ዓይኑ የታመመ ነበር። አንተ በየትኛው ነው የወደቅከው?»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተያዩ። ገባሽ የሆነው? ለልጁ ሲል በሽታውን ሊደብቅ የሚዋሽ መሰላቸው፤ ልክ አንቺ እንደመሰለሽ። አባትሽ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ደግሞ መጋረጃውን ጨብጬ «አለቀልን፣ ልጅቷ እውነቷን ነው» አልኩ በልቤ። በእግሬ ሳይሆን በልቤ የተንገዳገድኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ከማንም ጋር ሳይተያይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፈረስ አይደለም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አህያ ነበረች።»

ሩዋይዳ፣ ወላሂ ሐጂ በትራቸውን ጨበጥ አድርገው ያዙ።

«ከወፍጮ ቤት ዱቄት ጭኜ ስመለስ ነው» አለ አባትሽ፣ አንዴ ከጀመረ አልቆመም። «ደከመኝና ከዱቄቱ ላይ ወጣሁ። ድልድዩ ጋ ውሻ ሲጮህባት ዘላ ቦይ ውስጥ ጣለችኝ። ጆንያው ፈንድቶ ላዬ ላይ ፈሰሰ። ወጌሻው ሲያገኘኝ ከራስ እስከ እግሬ ዱቄት ለብሼ ነበር፤ ጂን መስዬው መጀመሪያ ሮጠ።»

«የማን አህያ?» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው ተቀይሯል።

«የእናቴ።»

ሐጂ ኢደኦ ሳቁ ስልሽ! ጥምጥማቸው ወደቀ፣ በትራቸው ወደቀ፣ ሁለት ሰው ደግፎ አቀናቸው። አራቱም ተከተሉ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሳቄ አመለጠኝ፤ የኔ ሳቅ ደግሞ አሁን አሁን እንደ በግ ስለሆነ ደግመው ሳቁ። አባትሽ መሃል ላይ ተቀምጦ፣ በመጨረሻ እሱም ሳቀ። ሐጂ እንባቸውን ጠርገው ለሌሎቹ እንዲህ አሏቸው፣ «ከፈረስ ወደቅኩ ብሎ የሚዋሽ ሞልቷል። ከእናቱ አህያ ወደቅኩ ብሎ የሚዋሽ አርሲ ግን ገና አልተወለደም። እኔ አምኛለሁ።»

አባትሽም «መልሱን ከልጄ ሰምቼ እሰጣችኋለሁ» ብሎ ሸኛቸው። እኔም አመንኩት። አንቺም እመኚው።

በነጋታው ሳይጠየቅ አሰላ ሄድን። ዶክተር ትንሳኤ አፍንጫህን ንካ፣ ጣቴን ንካ፣ ተረከዝህን በቅልጥምህ ላይ አውርድ እያለች ፈተነችው፤ ሁሉንም ደፈነ። ራጅ አነሳችው፣ የዳሌው ስብራት በነጭና በጥቁር ወጣ። «ይህ የመውደቅ አረማመድ ነው እንጂ የዚያ በሽታ አይደለም» አለች። ግን ያው ሐኪም ናት፣ ምልክቱ ዘግይቶ የሚወጣባቸው ሰዎች ስላሉ ደሙ ይሂድ አለች። ሰጠ። መልሱ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይፈጃል። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። «ምነው?» ስለው፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ታምሜያለሁ ስል አልፈራሁም፣ ዛሬ ነው የፈራሁት» አለኝ።

አዳዳሽ ከዲጃ


ጎበሳ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዳዳዬ፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ፈተና እየፈተንኩ ነበር። ሳቄ ሲያመልጠኝ አርባ ስምንት ተማሪ ቀና ብሎ አየኝ። «ቲቸር፣ መልሱ ተገኘ?» አለ አንዱ። አዎ፣ ግማሹ ተገኘ አልኩት።

አባዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ ይበሉልኝ። እኔ ራሴም እደውላለሁ፣ ግን ሳልስቅ መጨረስ እንደምችል እርግጠኛ እስክሆን ልቆይ።

ቦንሳስ ሳይሉኝ አይቀሩም፤ መልስ አለኝ። ቤተሰቡ እኔን ሳያስፈቅድ በመምጣቱ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን እሺ አልኩት። ውጤቱ አልመጣም፣ አውቃለሁ። ሳላውቅ አላገባም ያልኩትም እኔ ነኝ። ግን ልንገርዎ። ከኅዳር ጀምሮ የምፈራው መታመም መስሎኝ ነበር። የበሽታውን ስም ስሰማ በዓይኔ የሚመጣብኝ፣ ሰው ከሰው ተራ ወጥቶ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ነው። እርስዎ ደግሞ በዚያ እጅ፣ በባለ ሁለት መስመር ደብተር፣ ሽማግሌዎቹን ሳጉሬ ድረስ ሄጄ እንዳየኋቸው አድርገው ጻፉልኝ። እንደዚህ መኖር ይቻላል ማለት ነው። እፈራለሁ አሁንም፣ ግን ለመኖር አልጠብቅም።

ልጅ የመውለዱን ነገር የአባዬ ደም እስኪመለስ እናቆየዋለን ተባብለናል። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ደግሞ እኔም እመረመራለሁ፣ ሐኪሟን እናማክራለን፣ ያኔ እናስባለን። ቦንሳ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እና?» አለኝ። ይኼ ሰው ሌላ ቃል አያውቅም።

ሠርጉን ለመስከረም አስበናል። መልሱ ሲመጣ ጥሩም ይሁን ክፉ እርስዎ ይጻፉልኝ። በሌላ ሰው አፍ መስማት አልፈልግም።

ሩዋይዳ


ሳጉሬ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩዋይዳዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒድ እንዴት አለፈልሽ? የላክሽው ሻርፕ ደርሶኛል፤ ቀለሙ ለኔ ዕድሜ ደፋር ነው፣ ስለዚህ በየቀኑ እለብሰዋለሁ። ዝናቡ መጥቷል፣ ማሳው ታርሷል። አውቅሻለሁ፣ ደብዳቤ ከታች ጀምረሽ ነው የምታነቢው፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ተረትም ሲነገርሽ መጨረሻውን ነበር የምትጠይቂው። ስለዚህ የምትፈልጊውን ከታች አላስቀመጥኩም፣ መሃል ላይ ነው። ተመለሺና በሥርዓቱ ነይ።

ትናንት ተጠርተን አሰላ ሄድን። አባትሽ ለዒድ ያሰፋውን ልብስ ለበሰ። ተራ ስንጠብቅ ሦስት ጊዜ ውኃ ጠጣ፣ አራት ጊዜ ወጣ። ዶክተር ትንሳኤ ወረቀቱን ይዛ ገባች። ገና ሳትቀመጥ፣ «አቶ ቃበቶ፣ የለብዎትም» አለች።

የለበትም፣ ልጄ። አንቺም የለብሽም። የምትወልጃቸውም የለባቸውም። ደግመሽ አንብቢው።

አባትሽ «በጭራሽ?» አለ። «በጭራሽ» አለችው። ያን ትልቅ ሰውነት ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። ሐኪሟም ዓይኗን ጠረገች፣ ጉንፋን ነው አለች። ከዚያ ዞሮ እጄን ያዘና «ከዲጃ፣ ብቻሽን ተውኩሽ» አለኝ። ደስ ባለው ቀን እንኳ ይህን ማሰቡን አልረሳለትም።

አልዋሽሽም፣ ልቤን ቆንጠጥ አደረገኝ። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ቀናሁ፣ አዘንኩም። ዶክተሯ የቤተሰቡን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ ፊታችን ዘረጋች፤ የእናቶቹንም ስም እየዞርኩ ጠይቄ ስለሞላሁት አሁን ክብ በክብ ሆኗል። «ዶክተር፣ ከኔ ቀጥሎ ማን አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። በጣቷ ተከትላ ወረደች። ቱሳ ለእናት ለአባቱ አንድ ነበር። ገመቹ አልወለደም። ቃበቶ የለበትም። እኔ አልወለድኩም። ጣቷ እኔ ላይ ቆመ። «ማንም የለም» አለች።

ስንት ዓመት ልጅ አልወለድኩም ብዬ እንዳዘንኩ አንቺ አታውቂም፤ ለማንም አልነገርኩም። ባል እንቢ ያልኩትም በዚህ ፍርሃት ነበር፣ ያኔ ስሙን እንኳ ሳላውቀው። ሰው ሲወልድ አይቼ ቤቴ ገብቼ በር ዘግቻለሁ። ትናንት ያንን ወረቀት ሳይ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ስንት ሰው እየጣለ የመጣ ነገር፣ ከማን እንደጀመረ እንኳ የማይታወቅ፣ እኔ ዘንድ ደርሶ የሚሄድበት አጣ። ይኼ የኔ ሥራ ነው። እመኚኝ፣ በማስተማርም በምንም እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ስንመለስ አባትሽ እያለቀሰ፣ እኔ እየሳቅኩ ነበር፤ ሰው ሁሉ ማን ነው የታመመው ብሎ ግራ ገባው።

ለመስከረም እመጣለሁ፣ ብትሸከሙኝም እመጣለሁ። ልጆች ስትወልጂ ደግሞ ስለኛ ቤት ሰዎች አረማመድ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ሰው ያወራላቸዋል። አትደብቂያቸው። የአያታቸው እህት ከዲጃ ይዛው ሄዳለች በያቸው።

አዳዳሽ ከዲጃ ቱሳ